ለጎንደርና ለአካባቢዋ መንገድ የሚሆን የመኪና ሆድ መከላከያ ላሜራ፦ አመራረጡና አገጣጠሙ

የመኪናውን ሆድ በላሜራ ለማስሸፈን ወደ ጋራዥ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሚሊ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፉ ባይሆንም ተራው ሁለተኛ ነው፤ ከውፍረቱ በፊት መታወቅ ያለበት ላሜራው ከምን ላይ እንደሚታሰር ነው። ድንጋይ ከታች በሚገጭበት ጊዜ የመኪናው ክብደት ከፊሉ ለአፍታ በላሜራው ላይ ያርፋል፣ ላሜራውም የተቀበለውን ጫና ለታሰረበት ብረት ያስተላልፋል። ያ ብረት ሻሲ (መኪናውን የሚሸከመው ዋናው የብረት አጥንት) ከሆነ መኪናው በድንጋዩ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል። የራዲያተር መቀመጫ ወይም ስስ የቦዲ ቆርቆሮ ከሆነ ግን ላሜራው አምስት ሚሊ ሜትር ቢሆንም እንኳ የታሰረበትን ገንጥሎ ወደ ሞተሩ ይገባል።

በጎንደር ዙሪያ የሚነዳ መኪና ከታች በኩል ሁለት ዋና ጠላቶች አሉት፤ ድንጋይና ዋልካ። ከደባርቅ ወጥቶ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሳንቃበር በኩል ወደ ጨነቅ፣ ከዚያም ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የቧሂትን መተላለፊያ ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ የሚወርደው መንገድ የድንጋዩ ወገን ነው። ወደ ጣና በሚዘረጋው በደምቢያ ሜዳ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገባ ሰው ደግሞ በክረምት የሚያገኘው ጎማ ላይ ተጠቅልሎ የሚወጣ ጥቁር አፈር ነው። ችግሩ አንዱን የሚከለክለው ነገር ሌላውን መጋበዙ ነው። ለድንጋይ ተብሎ ከዳር እስከ ዳር የተዘጋ ላሜራ በዋልካ ውስጥ የጭቃ ገበታ ይሆናል፤ ጭቃውም ሲደርቅ አየር ይዘጋል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ዝገትንም ደብቆ ይይዛል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት መኪናዎ በዓመት ውስጥ የትኛውን መንገድ እንደሚያዘወትር ለራስዎ በሐቅ ይመልሱ። ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ብቻ ለሚመላለስ መኪና ይህ ሁሉ ወጪ ምን እንደሚያደርግለት እኔ አይታየኝም።

ከመምረጥ በፊት የራስን መኪና ማየት

መኪናውን ከታች በኩል በደንብ አሳጥበው፣ ሲደርቅ በጋራዥ ጉድጓድ ላይ ያቁሙትና ከፊት ወደ ኋላ በባትሪ እያበሩ ይመልከቱት። የተፋቀ፣ የተጎደጎደ ወይም የተጣመመ ቦታ ካገኙ በኖራ ምልክት ያድርጉበት፤ መከላከያ የሚያስፈልገው በመጀመሪያ እዚያ ነው። በቅደም ተከተል የሚታዩት የራዲያተሩ የታችኛው ጠርዝ፣ የመሪው ዘንጎች፣ የሞተሩ የዘይት ቋት፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ)፣ በአራት ጎማ በሚነዱት ላይ ኃይል ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው የማርሽ ሳጥን፣ የጭስ ማውጫውና የነዳጅ ታንኩ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ የዘይት ቋቱን ያስቀድሙ። እሱ ከተሰነጠቀ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈስሳል፣ ያንን ሳያዩ መንዳት የቀጠሉ እንደሆነም የሚበላሸው ሙሉ ሞተር ነው።

የመኪናው አሠራር ምርጫውን ይለውጠዋል። ላንድክሩዘር ሃርድቶፕን በመሳሰሉት፣ የፊት አክስላቸው ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ በሆኑ መኪኖች ላይ ከሁሉ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ዲፈረንሻሉ (በአክስሉ ላይ ኃይልን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ክፍል) ነው፤ እሱ ደግሞ ወፍራም ቁስ ስለሆነና ከጎማው ጋር ከፍ ዝቅ ስለሚል ከሻሲ ጋር የሚታሰር ላሜራ አይሸፍነውም። እንዲህ ባለው መኪና ላይ የሞተሩ ላሜራ ሁለተኛ መስመር ጠባቂ ነው። ፕራዶን በመሳሰሉት፣ የፊት ጎማዎቻቸው ለየብቻ በሚወጡና በሚወርዱ መኪኖች ላይ ግን ፊት ለፊት ያለው ሆድ ራሱ የሚነካው ቦታ ነውና ገንዘቡን እዚያ ማዋል ይሻላል። ራቭ ፎርንና ተመሳሳዮቹን ለመሳሰሉ፣ የተለየ ሻሲ ለሌላቸው መኪኖች ላሜራው መታሰር ያለበት ሞተሩንና የጎማ ክንዶችን በሚሸከመው የታችኛው የብረት ማዕቀፍ ላይ ነው፤ በወለሉ ቆርቆሮ ላይ አዲስ ቀዳዳ እየቀደዱ ማሰር ከባዶው የባሰ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ባትሪው ወለሉን ሞልቶ ስለሚተኛ፣ የባትሪውን ሣጥን መብሳትም ሆነ በአጠገቡ መበየድ ፈጽሞ አይገባም፤ ለዚያ ሞዴል ተብሎ የተሠራና በፋብሪካው ቀዳዳዎች ብቻ የሚታሰር ላሜራ ካልተገኘ ይቅር።

ብዙ መኪኖች ከፋብሪካ ሲመጡ ከሞተሩ ሥር ጥቁር ፕላስቲክ አላቸው። ያ ሽፋን ውኃና አቧራ ለመከላከል የተሠራ እንጂ ድንጋይ የሚችል አይደለም፤ ይሁን እንጂ በአንዳንድ መኪኖች ላይ አየሩን ወደ ራዲያተሩ የሚመራው እሱ ስለሆነ፣ ከተነሣ በኋላ ሥራውን አዲሱ ላሜራ መተካቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ብረት፣ አሉሚኒየም ወይስ ፕላስቲክ

አሁን ወደ ሚሊው እንምጣ። 80 በ70 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ የሞተር መከላከያ ብናስብ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር ብረት ሲሠራ 13 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ከ4 ሚሊ ሜትር ብረት 17.5፣ ከ6 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ደግሞ 9 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከ3 ወደ 4 ሚሊ ሜትር ሲታለፍ ክብደቱ በሲሶ ብቻ ሲጨምር ጠፍጣፋው ብረት መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ ግን ከእጥፍ በላይ ያድጋል። በዚህ ሒሳብ 6 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ከ3 ሚሊ ሜትር ብረት ቀሎም ይጠነክራል። ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው አሉሚኒየም አያሠራም? ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ ሲሰነጠቅ እንደ ብረት በየሠፈሩ አይበየድም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለታም ድንጋይ አሉሚኒየሙን ነክሶ የመያዝ ጠባይ ስላለው፣ ብረቱ ተፍቆ በሚንሸራተትበት ቦታ ላይ አሉሚኒየሙ ይጎተታል። ለቧሂት ዓይነት መንገድ ብረትን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ጠንካራ ፕላስቲክ ጥሩ ይንሸራተታል፣ አይዝግምም፤ ነገር ግን በሙቀት ስለሚለሰልስ ከጭስ ማውጫው አጠገብ አይሆንም።

ውፍረት ብቻውን አይበቃም። ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈና መሐሉ ላይ በርዝመቱ ሁለት ወይም ሦስት የእጥፋት መስመር የተደረገበት 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ዝም ብሎ ከተዘረጋ 4 ሚሊ ሜትር ይበልጥ ይጠነክራል። ለአብዛኛው ፕራዶና ፒክአፕ በዚህ መንገድ የታጠፈ 3 ሚሊ ሜትር በቂ ነው፤ 4 ሚሊ ሜትሩን በየሳምንቱ ጎብኚ ይዘው ወደ ጨነቅ ለሚመላለሱት ልተወው። ከ4 በላይ ያለው ውፍረት የፊቱን ሞላ ማጎንበስና ነዳጅ መጨረስ ነው፤ ለሞተሩ፣ ለካምቢዮውና ለታንኩ ሁሉ ተሠርቶ ሲደመር አንድ ሰው ከመኪናው ሥር ተንጠልጥሎ እንደ መሄድ ይሆናል።

ዝግጁውን መግዛት ወይስ እዚሁ ማሠራት

ዝግጁ ሆኖ የሚመጣ ላሜራ ሲገዙ የመኪናው ስም ብቻ አይበቃም፤ የተሠራበት ዓመት፣ የሞተሩ ዓይነትና ካምቢዮው መመሳሰል አለባቸው። አንዳንዱ ዕቃ የተሠራው መሪያቸው በቀኝ ለሆነ አገሮች ስለሆነ የመሪው ዘንግና የጭስ ማውጫው በሚያልፉበት በኩል ላይገጥም ይችላል፤ ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ከመኪናው ሥር ይዘው ይለኩት። የማሰሪያ ብሎኖቹና ማጠናከሪያ ብረቶቹ አብረው መኖራቸውንም ይቁጠሩ።

እዚሁ ጎንደር ብረታ ብረት ቤት ማሠራት ርካሽ ነው፣ በጥንቃቄ ከተመራም ከመጣው የማያንስ ዕቃ ይወጣል። በጥንቃቄ ካልተመራ ግን እኔ ላይ የደረሰው ይደርሳል፦ አንድ ጊዜ በጥድፊያ ያሠራሁት ላሜራ የዘይት ማፍሰሻ ቀዳዳ አልነበረውም፣ ባለሙያው ረሳ፣ እኔም አላየሁም፤ ዘይት በተቀየረ ቁጥር አሥራ ሁለት ብሎን እየፈታሁ ዓመት ተኩል ኖርኩ። ስለዚህ ላሜራው ከመቆረጡ በፊት ከወፍራም ካርቶን ልኩን ያውጡ። ካርቶኑን ከመኪናው ሥር በጣት ደግፈው የማሰሪያ ቀዳዳዎቹን፣ የዘይት ማፍሰሻውንና የፊልትሮውን ቦታ፣ ዝቅ ብለው የሚታዩትንም ሁሉ በእርሳስ ይሳሉበት፤ ብረት ቤቱ የሚቆርጠው ያንን ካርቶን አይቶ ይሁን።

ለሠሪው በግልጽ መነገር ያለባቸው ነገሮች አሉ። ላሜራው ከዘይት ቋቱ ቢያንስ ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ ሞተር በጎማ ማቆሚያዎች ላይ ስለሚቀመጥ ነዳጅ ሲሰጡት ይወዛወዛል፣ ላሜራውም ሲመታ ወደ ላይ ይለምጣል። ሞተሩን የሚሸፍነው የፊተኛው ላሜራ የኋላ ጠርዝ ከካምቢዮው ላሜራ በታች መደረብ አለበት። የቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ሲመታ ውኃው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ላይኛው በታችኛው ላይ እንደሚደረበው ሁሉ፣ እዚህም ድንጋዩ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚይዘው ጠርዝ ማግኘት የለበትም። የአየር ቀዳዳዎቹ አፋቸው ወደ ኋላ ያዘመመ፣ ሞላላ፣ ጠርዛቸው በሞረድ የተስተካከለ ይሁን። ወደ ደምቢያ የሚሄድ ሰው ደግሞ ብዙ ትንንሽ ቀዳዳዎች ከሚያስበሳ ጥቂት ሰፋፊ ቢያስደርግ ይሻለዋል፤ ትንንሹን ቀዳዳ ዋልካ በአንድ ጉዞ ይደፍነዋል፣ በሰፊው በኩል ግን የማጠቢያ ቱቦ ስለሚገባ ጭቃው ታጥቦ ይወጣል። የብሎን ራሶች የሚቀመጡበት ቦታ ትንሽ ጎድጎድ ካላለ ድንጋይ ራሳቸውን ፍቆ መፍቻ የማይይዛቸው ያደርጋቸዋል። ብየዳና ቅደዳ ሁሉ ካለቀ በኋላ ላሜራው ተፍቆ ሁለት ጊዜ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባ፤ የውስጡ ገጽ ከውጪው ይልቅ በጥንቃቄ ይቀባ፣ ውጪው በመጀመሪያው ድንጋይ መላጡ አይቀርምና።

አገጣጠሙ

ሥራው ለሁለት ሰው የግማሽ ቀን ነው። ክሪክ፣ ሁለት ጠንካራ መደገፊያዎች፣ የመፍቻና የቡሶላ ስብስብ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ዝገት የሚያለቅቅ ዘይት፣ የቻሉም እንደሆነ የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ መፍቻ ያዘጋጁ።

በመጀመሪያ መኪናውን ተዳፋት ባልሆነ፣ ጠንካራና ለጥ ያለ መሬት ላይ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ለኋላ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ያድርጉ። የፊቱን በክሪክ አንሥተው ሻሲውን በመደገፊያዎቹ ላይ ያሳርፉት፣ ከዚያም ከጎን በእጅዎ ገፋ ገፋ አድርገው መንቀጥቀጡን ይፈትሹ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ነፍሱን ለአንዲት የላስቲክ ቀለበት አደራ ሰጥቷል። ድንጋይና ብሎኬት መደገፊያ አይሆኑም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ከተገኘ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ሞተሩና የጭስ ማውጫው እስኪበርዱም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠብቁ።

ቀጥሎ አሮጌውን ፕላስቲክ ያንሡ፣ ብሎኖቹንና ክሊፖቹን በቆርቆሮ ይሰብስቡ። የዛጉትን ማሰሪያ ቀዳዳዎች በሽቦ ብሩሽ አጽድተው ዘይት ይርጩባቸውና ለሩብ ሰዓት ይተዉአቸው። ከዚያ አዲሱን ብሎን ያለ ላሜራው፣ በጣት ብቻ፣ በየቀዳዳው አስገብተው ይሞክሩት። ይህች ሙከራ የማትዘለል ናት። በቶዮታና በሌሎች የጃፓን መኪኖች ላይ የሚገኘው ኤም 10 (10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው) ብሎን ብዙውን ጊዜ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ሲሆን በዕቃ መደብር የሚሸጠው ተራው ኤም 10 ግን 1.5 ነው፤ ውፍረታቸው አንድ ስለሆነ በዓይን አይለዩም። የማይገጥመውን በመፍቻ አስገድዶ ያስገባ ሰው በሻሲው ውስጥ የተበየደውን ዳዶ ጥርስ ያበላሻል፣ ያን ማደስ ደግሞ ከላሜራው ሥራ ይበልጣል። ኤም 8ቱ አብዛኛውን ጊዜ 1.25 ስለሆነ አያስቸግርም። በብሎኑ ራስ ላይ 8.8 ተብሎ የተጻፈበትን ይምረጡ። የላሜራውና የሮንዴላው ውፍረት ስለሚጨምር የድሮው ብሎን ሊያጥር ይችላል፤ ኤም 8 ከሆነ ቢያንስ 8፣ ኤም 10 ከሆነ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ጥርስ ውስጥ መግባት አለበት።

የማሰሪያ ቦታ ጎደለ ብለው ሻሲውን እንዳይበሱ፣ በተለይም እንዳይበይዱበት አደራ እላለሁ። ባይሆን ሁለቱን የሻሲ ጎኖች በነባሮቹ ቀዳዳዎች የሚያያዝ አግዳሚ ብረት ለብቻው ተሠርቶ በብሎን ይታሰርና ላሜራው በዚያ ላይ ይንጠልጠል። በሻሲው ላይ የተመታውን ቁጥርም ሆነ የመጎተቻ መንጠቆውን የሚሸፍን ነገር አይሥሩ፤ ቁጥሩ ለዓመታዊው ምርመራ ይፈለጋል፣ መንጠቆው ደግሞ በዋልካ ውስጥ ይፈለጋል።

ላሜራውን ሲያነሡ አንደኛው ሰው ከኋላ ይደግፈው፣ ሌላው የፊቱን ሁለት ብሎኖች ሦስት አራት ዙር ብቻ በእጅ ያስገባ፤ ከዚያ የኋላዎቹን፣ በመጨረሻም የጎኖቹን። ሁሉም በጣት ሳይገቡ አንዱንም አያጥብቁ። አንዱን ቀድሞ ያጠበቀ ሰው ላሜራውን ወደ አንድ ጎን ስቦ የቀሩትን ቀዳዳዎች ያሳጣል፤ ጋራዥ ውስጥ በመዶሻ እየተመታ የሚገጠም ላሜራ ያዩ እንደሆነ ታሪኩ ይኸው ነው። አሉሚኒየሙ ከብረት ጋር በቀጥታ ሲነካካ በእርጥበት ስለሚበላ በመሐላቸው የፕላስቲክ ወይም የጎማ ሮንዴላ ይግባ። ሁሉም ቦታውን ሲይዝ በሰያፍ እያፈራረቁ፣ በሁለት ዙር ያጥብቁ። ለ8.8 ደረጃ ደረቅ ብሎን ኤም 8 ወደ 25፣ ኤም 10 ወደ 50 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል፤ የሚለካ መፍቻ ከሌለ፣ 25 ሴንቲ ሜትር በሆነ መፍቻ ጫፍ ላይ ለመጀመሪያው የ10፣ ለሁለተኛው የ20 ኪሎ ያህል ጫና ማለት ነው። ብሎኑ ግሪስ ከተቀባ በዚያው ኃይል ከመጠን በላይ ስለሚጠብቅ ይቀንሱለት። ግሪስና የብሎን ማጣበቂያ ግን በአንድ ላይ አይደረጉም፤ በየዘይት ቅያሪው ለሚፈታ ግሪስ፣ ለማይፈታው ማጣበቂያ።

ከመንዳትዎ በፊት ሁለት ነገር ይሞክሩ። ከመኪናው ሥር ሳይወጡ የዘይት ማፍሰሻው ላይ መፍቻ በቀዳዳው በኩል መድረሱን ይዩ፣ ቀጥሎም መኪናው ከወረደ በኋላ ሌላ ሰው መሪውን ከዳር እስከ ዳር ሲያዞር የሚነካ ዘንግ ወይም ቱቦ አለመኖሩን ከጎን ሆነው ይመልከቱ። ሞተሩን አስነሥተው በሚኒሞ፣ ከዚያም ነዳጅ ሰጥ እያደረጉ ያዳምጡት፤ የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ካለ ላሜራው የሆነ ነገር ነክቷል።

ከተገጠመ በኋላ

ለሙቀቱ ፈተና ወደ ጎሃ ሆቴል የሚያወጣውን ዳገት በዝቅተኛ ማርሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሱና የሙቀት መለኪያውን ከወትሮው ጋር ያስተያዩ። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ የማቀዝቀዝ አቅሙ ያንሳል፤ ተጭኖ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ዳገት የሚወጣ መኪና ደግሞ በዝግታ ስለሚሄድ ነፋስ አያገኝም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ከሆነ ጥንቃቄው ይብሳል። መለኪያው ከፍ ካለ ተጨማሪ ቀዳዳ ያስፈልጋል።

ብሎኖቹ ከመጀመሪያው ንዝረት በኋላ ስለሚላሉ እንደገና መጥበቅ አለባቸው። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ወደ ፓርኩ ለሚሄድ ሰው ደባርቅ ላይ ሻይ ሲጠጣ ሥራው የሚሠራበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየዘይት ቅያሪው ማየት ይበቃል። ከዋልካ የወጣ መኪና ጭቃው ሳይደርቅ በዚያው ቀን በቀዳዳዎቹ በኩል ይታጠብ። ከመስከረም በኋላ ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ ሰው ደግሞ በላሜራውና በጭስ ማውጫው መካከል የተሰገሰገ ደረቅ ሣርና ገለባ በየቀኑ በእጁ ፈልጎ ያውጣ፤ እሳት የሚነሣው ከዚያ ነው። ላሜራው ክሪክ የሚያርፍበት ቦታ አለመሆኑን ለጎማ ጠጋኙም ይንገሩት።

ከባድ ምት ካገኘው በኋላ ቆመው ሥሩን ይመልከቱ። ተጎድጉዶ የዘይት ቋቱን ሊነካ ከደረሰ ላሜራውን አውርደው በግንድ ላይ ሳያግሉ በመዶሻ ይቀጥቅጡት፤ አሉሚኒየም በተለይ በእሳት ሲሞቅ ይለሰልስና ጥንካሬውን አያገኝም። የታጠፈውንና የተሳበውን ብሎን ግን አቃንተው አይመልሱት፤ በአዲስ ይተኩት፣ የታሰረበት ዳዶ ዙሪያ ብረቱ ተሰንጥቆ እንደሆነም ቀለሙን ፍቀው ይፈትሹ።